ልጄን ዝም ለማሰኘት ያወጣሁት ዕቅድ

ማንበብ የምትችል ልጅ ነበረችኝ፤ ይህንንም ወረታ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። ለባጃጅ ሾፌሩ ነግሬዋለሁ። ቲማቲም ለምትሸጥልኝ ሴትዮ ነግሬያታለሁ። በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይም "ልዩ ልዩ" የሚባለው አጀንዳ ሲደርስ አንድ ሰበብ ፈልጌ ማንሳቴ አይቀርም ነበር። ስድስት ዓመት ተኩሏ ነው፣ ፊደሉንም አቡጊዳውንም ጨርሳለች፣ ዳዊት ልትጀምር ነው እላለሁ። ሰው ሁሉ "እግዜር ያሳድግልሽ" ይለኛል፤ እኔም ምስጋናውን ለራሴ እወስዳለሁ።

እውነቱን ለመናገር አንዲት ፊደል አላስተማርኳትም። እኔ በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ወረታ ያመጣኝ ሥራ ነው፣ ያስቀረኝ ደግሞ ባሌ። ባሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያና የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ነው። ልጃችን አራት ዓመት ሲሞላት ሁለታችንም ከመስክ መስክ የምንዞር ስለነበርን ለእሱ እናትና አባት ሰጠናት፤ ሁለት ዓመት ከእነሱ ጋር ኖረች። ክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ በሰፈሩ ልጅ ሊውልበት የሚችል ደረቅ ቦታ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። የባሌ አባትም እዚያ ወስደው ለየኔታ አስረከቧት። እንዲህ ነው የተማረችው፤ ሊመሰገን የሚገባው ካለ ጎርፉ ነው።

መስከረም ላይ ወረታ አምጥቼ አንደኛ ክፍል አስገባኋት። ጥቅምት ሳያልቅ ተጠራሁ።

የተጠራሁት ለምስጋና መስሎኝ አዲሱን ነጠላዬን አድርጌ ነበር የሄድኩት። መምህርቷ ወጣት ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ አራት አምስት ልጅ የተጠጋጋበትን ክፍል ብቻዋን ይዛ ድምጿ ሻክሯል። "ልጅሽ ጎበዝ ናት፤ ግን አላስተምር አለችኝ" አለችና ደብተር ገልጣ ክሱን አነበበችልኝ።

ልጄ ሌሎቹ ሲጽፉ ጮክ ብላ ታነባለች። ዝም በይ ስትባል ድምጿን ትጨምራለች። የአማርኛ መጽሐፉን በመጀመሪያው ሳምንት ከዳር እስከ ዳር ጨርሳ እንደገና ከአንድ ጀምራለች። ሳይፈቀድላት ተነስታ በዴስኮቹ መካከል ትዞራለች፤ ስንደዶ ይዛ በሌላ ልጅ ደብተር ላይ ፊደል እየጠቆመች "በል፣ ይህ ማነው?" ትላለች። ይህም ይቅር ይባል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ካገኘች ደግሞ ጎኑን በእርሳስ ትወጋዋለች። የሚጮኹትን አትነካም፤ የምትወጋው ዝምተኞቹን ነው።

ዳይሬክተሩ ነገሩን በአጭሩ ጨረሱት። "እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልታረመች ዕድሜዋ አልደረሰም ብለን እንመልሳታለን፤ በሚቀጥለው ዓመት ትምጣ" አሉኝ፤ ይህንኑም በደብዳቤ ጽፈው ሰጡኝ። ወሳኙ የወላጆችና የመምህራን ኮሚቴ እንደሆነም ነገሩኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የሩዝ መፈልፈያ ያላቸው፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው።

ያችን የመሰለች ልጅ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ ታየኝና እንባዬ መጣ። ወዲያው ደግሞ ያወራሁላቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ የባጃጁ ሾፌር፣ የቲማቲሟ ሴትዮ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ። እንባውን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ዛሬም ጠይቁኝ፣ በልበ ሙሉነት አልመልስም።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሐኪም ሆነ። የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ "ዓይን ነው፤ አንችው ነሽ በየመንገዱ ያወራሽው" አለችኝና ጣራ ገዳም ወስጄ እንዳስጸልይላት መከረችኝ። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣው ወጣት ባለሙያ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ፤ እዚያ ውስጥ የምትናገረው ሴት ልጅ የሚረብሸው ስኳር ሲበዛበት ነው ትላለች። ልጄ ከረሜላ የምታየው ለዓመት በዓል ብቻ ነው ብለው አልሰማኝም፤ ቪዲዮው ገና አላለቀም ነበር። ኃላፊዬ ግን በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ "የአመለካከት ችግር ነው" አሉ። ኃላፊዬ መንገድ ሲቆረጥም፣ ማሳ ላይ ያለ ሩዝ ውሃ ሲበላውም የአመለካከት ችግር ነው የሚሉት።

ባሌ ከሁሉም ባሰ። "አዲስ ጊደር መንጋ ውስጥ ስትገባ እንዲህ ናት፤ ሳምንት ትዋጋለች፣ ከዚያ ትለምዳለች" አለ።

"ልጅህ ጊደር አይደለችም" አልኩት።

"ጊደርማ ብትሆን መድኃኒቱን አላጣውም ነበር" አለኝ።

ስለዚህ የማውቀውን ብቸኛ ነገር አደረግሁ፤ ዕቅድ አወጣሁ። ሠንጠረዥ አሰመርኩ። ተግባር፣ ፈጻሚ አካል፣ የጊዜ ገደብ፣ መለኪያ የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። ተግባር አንድ፣ "ክፍል ውስጥ ድምፅ አለማሰማት"፤ ፈጻሚ አካል፣ ልጅቱ፤ መለኪያ፣ "ከመምህርቷ የሚቀርብ ቅሬታ፣ ዜሮ"። ተግባር ሁለት፣ "ከመቀመጫ አለመነሳት"። ተግባር ሦስት፣ "የሰው ጎን አለመውጋት"። ለማበረታቻ ደግሞ ቅሬታ ያልቀረበበት ሳምንት ቅዳሜ ወደ አያቶቿ እንደምወስዳት ጻፍኩ። ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ባሌ ፊት ለፊቱ ቆሞ ካነበበው በኋላ "ሥጋት የሚል ዓምድ የለውም" አለኝ። እያሾፈብኝ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ቢሆንም ዓምዱን ጨመርኩ። ከሥሩ የምጽፈው ሥጋት ስላልታየኝ ሰረዝ አደረግሁበት።

ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ አስረዳኋት።

"ክፍል ውስጥ ዝም ይባላል" አልኳት።

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

"ሳነብስ?"

"በልብሽ ታነቢያለሽ።"

ጥቂት አሰበች። "እንዳነበብኩ መምህርቷ በምን ታውቃለች?" አለችኝ።

"ታውቃለች፤ አንች አታስቢ" አልኳት። በዚህ ያህል እርግጠኝነት የዋሸሁት በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ብቻ ነው።

ዕቅዱ ተሳካ። ያወጣሁት ዕቅድ ተሳክቶ ሳይ የመጀመሪያዬ ስለነበር ምን እንደሚደረግ እንኳ አላወቅሁም። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ቅሬታ የለም። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛውም። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ እያልኩ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ሞላሁ። ወደ አያቶቿ የሚደረገውን ጉዞ መስክ ስለወጣሁ ወደ ቀጣዩ ሳምንት አዛወርኩት፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው። እሷ አልጠየቀችኝም። ቤት ውስጥም ዝም ማለት ጀምራ ነበር። ገበታ ላይ ዝም፣ መንገድ ላይ ዝም፤ ባሌ የአባቱን በሬዎች በየስማቸው እየጠራ ሲያስቃት የነበረውን ጨዋታ እንኳ በፈገግታ ብቻ ታልፈዋለች። አደገች አልኩ። ኃላፊዬ "አየሽ፣ አመለካከት ነው" አሉኝ። የአዲስ አበባው ወጣትም ሠንጠረዡን ላኪልኝ ብሎ ላክሁለት፤ ለእህቱ ልጅ ፈልጎት ነው።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል መምህርቷ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ለምስጋና ፊቴን አዘጋጀሁ፤ ከስህተቴ የምማር ሰው አይደለሁም።

"እህቴ፣ ልጅሽ ማንበብ ትችላለች ብለሽኝ ነበር" አለች።

"ትችላለች።"

"ሦስት ጊዜ ሰሌዳ ላይ አውጥቻታለሁ። 'ቤት' የምትለዋን ቃል አንብቢ ስላት አፏን አልከፈተችም። የቃል ንባብ ፈተና ሰጠኋቸው፤ ያገኘችው ዜሮ ነው።"

"መጽሐፉን በአንድ ሳምንት ጨረሰች ያልሽኝ አንች አይደለሽም?"

"ነኝ። ዳይሬክተሩ ግን ያ የቃል ጥናት ነው አሉ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች በቃላቸው ሸምድደው ነው የሚመጡት፣ ፊደሉን አያውቁትም አሉ። ሰኞ ኮሚቴው ይቀመጣል።"

ደብዳቤውን ሰጠችኝ። ልጄ በጥቅምት ልትመለስ የነበረው ስለጮኸች ነው፤ በኅዳር የምትመለሰው ስላልተናገረች ሆነ። ከዚያች ምክንያት በቀር ደብዳቤው ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም። ሪፖርት ጸሐፊ እንደመሆኔ፣ በየትኛውም ምክንያት የሚሠራ ደብዳቤ የጻፈውን ሰው ሙያ ማድነቄ አልቀረም።

ቤት ገብቼ ጠየቅኋት። "መምህርቷ አንብቢ ስትልሽ ለምን አላነበብሽም?"

ግራ ተጋብታ አየችኝ። "ክፍል ውስጥ ነበርን እኮ እማየ" አለች።

ሌላ አልጨመረችም። የነገርኳትን ሁሉ አንድም ሳታጎድል ፈጽማለች፤ አሁን ደግሞ ምኑ ላይ እንዳጠፋች ልነግራት እየጠበቀች ነው። እኔ ግን ያን ጊዜም አልገባኝም። ይልቅ ዳይሬክተሩ ያሉት እውነት ይሆን ብዬ በየኔታ ተናደድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማሯት በቃሏ መጮህን ብቻ ከሆነ ፊት ለፊት ልነግራቸው ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ወደ ቁሐር ሚካኤል ይዣት ሄድኩ። ሩዙ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። የክረምቱ ጭቃ የከብቱን ኮቴ እንደያዘ ደርቆ ስለነበር ባጃጁ እንቢ ብሎ ከመንገዱ አጋማሽ አወረደን። በእግራችን ስንሄድ ለየኔታ የምናገረውን በነጥብ በነጥብ አዘጋጀሁ። አራት ነጥብ ነበረኝ።

ቅጥሩ ጋ ሳንደርስ ጩኸት ሰማሁ። ሰው የተጣላ መሰለኝና ፈጠን አልኩ። ዛፍ ሥር የተቀመጡ ልጆች ናቸው። አንዱ ሀ ሁ ይላል፣ ሌላዋ አቡጊዳ፣ ከዳር ያለው ጎረምሳ ዳዊት፤ ሁሉም የየራሱን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም ባለ በሌለ ድምፁ። ትልልቆቹ ስንደዶ ይዘው በትንንሾቹ መካከል እየዞሩ ፊደል ይጠቁማሉ። "በል፣ ይህ ማነው?" ይላሉ።

የኔታ መካከል ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አያይም። ከዚያ ሁሉ ሁካታ ውስጥ ግን አንዱን ልጅ ለይተው "ተመለስ፣ አንዲት ፊደል ዘለልህ" ይሉታል፤ ልጁም ይመለሳል። ወዲያው ከግንዱ አጠገብ ያለው ትንሽ ልጅ ወፍ ሊያይ ዝም አለ። የየኔታ ረጅም ዘንግ ተዘርግቶ ጎኑን አገኘው። "ተኛህ?" አሉት። ልጁ ደንግጦ መጮሁን ቀጠለ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እርሳሱም ስንደዶውም ገባኝ። ልጄ ክፍል አልረበሸችም ነበር። ሥራ ላይ ነበረች፤ ሰነፎቹን ስትቀሰቅስ፣ ያልገባቸውን ስታስጠና፣ ዝም በይ የሚላትን ሰው ደግሞ ምን ነክቶት ነው እያለች። አራቱም ነጥቦች ከጭንቅላቴ ጠፉ።

ቀርቤ ሰላም አልኳቸው። በድምፄ አወቁኝ።

"ልጅቱን ይዘሽ አልመጣሽም? የታለችሳ?" አሉ።

ልጄ ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊታቸው ቆማለች።

"ይኸው እዚህ ናት፣ የኔታ።"

"ድምጿ የለም።"

"ዝም ብላ ነው።"

"ምነው፣ አሟታል?"

"አላመማትም። እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋት" አልኩ። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ክሱ፣ ስለ ሠንጠረዡም ነገርኳቸው። ሠንጠረዥ ምን እንደሆነ ማስረዳቱ ራሱን የቻለ ውርደት ነበር።

የኔታ ዘንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። "እኔ ልጅ መኖሩን የማውቀው በድምፁ ነው፤ ዝም ካለ ከእኔ ዘንድ የለም ማለት ነው" አሉ። "አንች ግን ዓይን አለሽ። እንዴት አልታየሽም?"

ልወቅስ ሄጄ ተወቅሼ ተመለስኩ፤ ይገባኝ ነበር።

ሰኞ በጠዋት መምህርቷን ከደጅ ጠበቅኋትና ያየሁትን ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ተወችው። "እኔ እኮ የምመዘነው በጸጥታ ነው" አለች። "ሊጎበኝ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ጸጥ ካለ ጎበዝ ብሎኝ ይሄዳል።" ከዚያም ልጄ ኮሚቴው ፊት ካነበበች እንደምትቆምላት፣ ከእረፍት በኋላ ያሉትን ደቂቃዎችም ለጩኸት ንባብ እንደምትሰጥ ቃል ገባችልኝ። "ካነበበች ነው ታዲያ" አለች። ነገሩ ሁሉ እዚያች ላይ ተንጠለጠለ።

ኮሚቴው በዳይሬክተሩ ቢሮ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ሽማግሌ፣ ዳይሬክተሩ፣ ጸሐፊው፣ መምህርቷ፣ እኔና ልጄ ነበርን። ጠረጴዛው ላይ የቃለ ጉባኤው መዝገብ ተገልጧል። እኔ ስለየኔታ ትምህርት ቤት አስረዳሁ። ዳይሬክተሩ ጨዋ ሰው ናቸውና እስክጨርስ ጠበቁኝና "ይህ በመመሪያው ላይ የለም" አሉ።

"ልጅቱ አለች አይደል?" አሉ ሽማግሌው። "ታንብብና እንስማት እንጅ።"

ልጄ ቆመች። አላነበበችም። ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ዓይኖቿን እኔ ላይ ተከለች። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሳ። የምትጠብቀው ምን እንደሆነ አወቅሁ። በእኛ አገር ወላጅ ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም፤ እናቴ ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም በሰው ፊት አደርገዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ከወንበሬ ተነስቼ ፊቷ ቁጢጥ አልኩ።

"ዝም በይ ያልኩሽ ስህተት ነበር" አልኳት። "አጥፍቻለሁ። ይቅር በይኝ።"

ዳይሬክተሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"ጮክ ብየ ላንብብ?" አለች በሹክሹክታ።

"ጮክ ብለሽ።"

"ምኑን?"

"የፈለግሽውን" አሉ ዳይሬክተሩ ከመስኮቱ ሳይዞሩ።

ዙሪያዋን አየች። የሚነበብ ነገር ሆኖ ቅርቧ ያለው የተገለጠው መዝገብ ነው። ወደ ራሷ ሳበችው፣ ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈችና በየኔታ ዜማ፣ ባለ በሌለ ድምጿ ጀመረች።

"ኮሚቴው በዛሬው ዕለት ባደረገው ስብሰባ በጉዳዩ ላይ በሰፊው ከተወያየ በኋላ ልጅቱ ማንበብ የማትችል መሆኗን አረጋግጦ በሚቀጥለው ዓመት እንድትመለስ ወስኗል። ስብሰባው በአራት ሰዓት ተጠናቀቀ።"

ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነበር።

ጸሐፊው "ረቂቅ ነው" አለ። መምህርቷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ስንቱን ቃለ ጉባኤ ከስብሰባው በፊት ጽፌ ስሄድ ኖሬያለሁ፤ ጊዜ ይቆጥባል እያልኩ። ያፈርኩት በእነሱም በራሴም ነው።

ሽማግሌው አልሳቁም። "እንዲህ ነው የተጻፈው?" አሏት።

"አዎ አባባ።"

"ከታችስ ምን ይላል?"

"የሰብሳቢው ፊርማ ይላል። ባዶ ነው።"

ሽማግሌው መዳፋቸውን መዝገቡ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ለሁላችንም ተናገሩ። "እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ይህን ጸሐፊ ልጅ ምን ተጻፈ እለዋለሁ፤ የተነጋገርነው ነው ይለኛል፤ እፈርማለሁ። ሰብሳቢ ከተባልሁ ጀምሮ እንዲሁ ነው የፈረምሁት።" ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ልጅቱ ክፍሏ ትቆያለች። ይህ አለቀ፤ የሚቃወም አለ?"

የተቃወመ አልነበረም። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። መምህርቷ ልጄን ይዛ ልትወጣ እጇን ዘረጋች።

"አሁን አይደለም" አሉ ሽማግሌው። ወንበራቸውን ወደ ልጄ አስጠጉ። "በይ ልጄ፣ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪልኝ። የፈረምሁትን ልስማው።"

"አባቴ፣ ሰዓት እኮ..." አሉ ዳይሬክተሩ።

"በአራት ሰዓት ያልቃል ተብሎ ተጽፏል፤ ገና ግማሽ ሰዓት አለን" አሉ ሽማግሌው።

ልጄ ቅጠሎቹን ወደ ኋላ ገልብጣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደረሰች። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

"እስከየት ነው የማነበው፣ እማየ?"

"እስከ መጨረሻው" አልኳት። "ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።"